የጦርነትን ፊልም መርጦ ማሳየት፦ የፍልስጤም ሲኒማ ጥያቄ

ስለ ፍልስጤም ጦርነትና ኀዘን የተሠሩ ፊልሞች እንዴት ተመርጠው ይታዩ የሚለው ክርክር በ2023 ከተጀመረው የጋዛ ጦርነት በፊትም የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሙስጠፋ አቡ አሊ፣ ሱላፋ ጃደላህና ሃኒ ጀውሃሪያ አማን ውስጥ የፍልስጤምን የፊልም ክፍል መሠረቱ። ሃኒ በ1976 ሊባኖስ ውስጥ ውጊያ ሲቀርጽ ተገደለ። እስራኤል በ1982 ሊባኖስን ስትወር ደግሞ ቤይሩት ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው የፊልም ክምችት ደብዛው ጠፋ። እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ሮና ሴላ በ2017 ባወጣችው ፊልም ከቤይሩት የተወሰዱ ምስሎች በእስራኤል ጦር ቤተ መዛግብት እንደሚገኙ አሳየች። ስለዚህ የዛሬ የፊልም ዝግጅት አዘጋጅ የሚመርጠው ከተበተነና ከተወሰደ ቅርስ ነው። ፊልሙን ማን፣ መቼና ለምን እንደቀረጸው፣ እንዴትም እንደተረፈ አብሮ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

አቡ አሊ በ1974 የሠራው «የሉም» የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም፣ ፊልምን ሳይቆርጡ ማሳየት ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ፊልሙ በፍርስራሽ አይጀምርም። መጀመሪያ በደቡብ ሊባኖስ የነበረውን የነባጢያ የስደተኞች ካምፕ የዕለት ኑሮ፣ አንዲት ልጅ ለታጋዮች የምትልከውን ደብዳቤና ስጦታ እናያለን፤ የአየር ድብደባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተመልካቹ የሚያዝነው አስቀድሞ ላወቃቸው ሰዎች ነው። ድብደባውን ብቻ ቆርጦ የሚያሳይ አዘጋጅ ሟቾቹን ኑሮ ያልነበራቸው ያደርጋቸዋል። ፍልስጤማዊው ፊልም ሠሪ ረሺድ መሽሃራዊ ያስጀመረው፣ በ2024 የታየው የ22 የጋዛ አጫጭር ፊልሞች ስብስብም ዘጋቢ፣ ልብ ወለድና አኒሜሽን ይዟል። ባለ ኀዘኖቹ የኀዘናቸውን መልክ ራሳቸው መርጠዋል፤ ከመካከሉ አስለቃሹን ብቻ መልቀም ይህን መብት መንጠቅ ነው።

«የሁለቱም ወገን ስቃይ እኩል ይታይ» የሚሉ አሉ። በኦክቶበር 7፣ 2023 ጥቃት የተገደሉት እስራኤላውያን ኀዘንም ፊልም ይገባዋል፤ ሆኖም የአንዱ ሕዝብ ለቅሶ የሌላውን ለቅሶ ለማሰማት ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም። «ሌላ ምድር የለም» የተሰኘውን ፊልም ፍልስጤማውያንና እስራኤላውያን አብረው ሠርተውት እንኳ በ2024 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ሲሸለም የፊልም ሠሪዎቹን ንግግር የጀርመን ፖለቲከኞች አወገዙ። ማጣመር ብቻውን ክርክሩን አያበርድም ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ የቆዩት ፊልሞች ፕሮፓጋንዳ ናቸው ይላሉ። በእርግጥ ለትግል የተሠሩ ናቸው። መፍትሔው ግን መደበቅ ሳይሆን የሠራቸውን ድርጅትና ዓላማውን በግልጽ መናገር ነው፤ ተመልካች ይህን አውቆ ይፈርዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አጋርነት በአንድ ምሽት ጭብጨባ አይለካም። ፍልስጤማዊው ፊልም ሠሪ ሙሃነድ ያዕቁቢ በ2022 ያወጣው ፊልም የተሠራው ቶኪዮ ውስጥ የፍልስጤም ደጋፊዎች ለዓመታት ጠብቀው ካቆዩአቸው 20 ፊልሞች ነው። እነዚያ ሰዎች ፊልሞቹን አሳይተው አልተዉአቸውም፤ አስቀመጡአቸው፣ በኋላም ለያዕቁቢ አስረከቡ። ዛሬም የሚያዘጋጁ ሁሉ ለፊልም ሠሪው ተገቢውን ክፍያ መክፈል፣ ፈቃዱን መጠየቅና ቅጂው እንዳይጠፋ መጠበቅ ይገባቸዋል፤ አንድ ጊዜ ክምችቱን ለተነጠቀ ሕዝብ ከዚህ ያነሰ አጋርነት አይበቃውም።