የተያያዙ የሽያጭ ትእዛዞችና የውክልና መቋረጥ

ሰቆጣ ቀደም ባለው ዘመን የአሞሌ ጨው ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች፤ ዛሬ በነጭ ማሯ ትታወቃለች። በእንዲህ ያለ ገበያ በደላላ መሸጥ የቆየ ልማድ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ደላላን «ሲምሳር» ይሉታል፤ ኢማም አልቡኻሪ (ረሒመሁላህ) ስለ ክፍያው በሶሒሓቸው ራሱን የቻለ ባብ አኑረዋል። እኛ የምንመረምረው ግን ክፍያውን ሳይሆን ትእዛዙ የሚሰረዝበትን ሁኔታ ነው።

አንድ የዋግ ኽምራ ንብ አናቢ በቤቱ ያለውን 100 ኪሎ ማር እንዲሸጡለት አንድ ወኪል በሰቆጣ፣ ሌላ በአዲስ አበባ አቆመ እንበል፤ «አንዳችሁ ስትሸጡ የሌላው ትእዛዝ ይቀራል» አላቸው። የሰቆጣው ጧት ሸጠ፤ የአዲስ አበባው ወሬው ሳይደርሰው ቀትር ላይ ሸጠ። ማሩ የማን ነው?

የውክልና መቋረጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለቤቱ ሐሳቡን ለውጦ ወኪሉን ሲሽር ነው። በዚህ ላይ ኺላፍ አለ፦ በሐነፊ መዝሀብ ወሬው እስኪደርሰው ወኪሉ እንደ ወኪል ይቆያል፤ ኢማም አንነወዊ በሚንሃጅ ያስቀደሙት የሻፊዒይ አቋም ግን በሩቅ ያለውም ወኪል ወዲያውኑ ይሻራል የሚል ነው። ሁለቱም መዝሀቦች በወሎ ስለሚቀሩ፣ ጠያቂው እንደ ሄደበት ሸኽ ሁለት መልስ ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛው ግን ንብረቱ ከባለቤቱ በመውጣቱ ውክልናው በራሱ የሚያበቃበት ነው፤ በዚህ ሐነፊዮችም የወኪሉን ማወቅ አይጠይቁም። የንብ አናቢው ጉዳይ ከዚህኛው ይመደባል። ከሰሙራ (ረ.ዐ.) በተዘገበው ሐዲስም ለሁለት ሰዎች የተሸጠ ዕቃ የመጀመሪያው ገዢ ነው።

በኤሌክትሮኒክ ግብይት ነገሩ ይከብዳል። አንድ ሰው 100 አክሲዮኖቹ ዋጋቸው 120 ብር ሲደርስ፣ ወይም ወደ 90 ብር ሲወርድ እንዲሸጡለት ያዛል፤ አንዱ ሲፈጸም ሌላው መሰረዝ አለበት። አክሲዮን እንደ ማሩ ተለይቶ የሚታወቅ ዕቃ ስላልሆነ፣ ስረዛው ከዘገየ ሁለተኛው ሽያጭም ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ የሌለውን ሸጧል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን የከለከሉት ነው። ዋናው ጭንቀታችን ከኪሳራው ይልቅ ይህ ነው።

ስለዚህ ማያያዣው የት እንደሚጠበቅ መጠየቅ ይገባል። ገበያው ራሱ ከያዘው የመፈጸሙና የመሰረዙ ሥራ በአንድ ቦታ ይከናወናል። ደላላው በራሱ ኮምፒውተር ከያዘው የሽያጩ ዜና መምጣት፣ የስረዛው ጥያቄ መሄድ አለበት፤ ገበያው እስኪያረጋግጥ ድረስ ትእዛዙ በሕይወት አለ። አንዳንድ ደላሎች ይህን ለመሸሽ አንዱን ትእዛዝ ብቻ ወደ ገበያ ልከው ሌላውን ዋጋው እስኪደርስ ያቆዩታል። ደንበኛው በገዛ ፕሮግራሙ ካያያዛቸው ግን መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሰርዝ አይኖርም። ከ100ው 40 ብቻ ቢሸጥስ? ሌላው ወደ 60 መቀነስ ይገባዋል፤ ሙሉ በሙሉ የሚሰርዙም አሉ።

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣና የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። ወኪል አሚን ነው፤ ወሰን ካላለፈ ወይም ቸል ካላለ አይከፍልም። እንደ እኛ አስተያየት፣ ትእዛዞቹን አያይዛለሁ ብሎ የተዋዋለ ደላላ ሁለቱንም ክፍት ትቶ ስረዛውን ካልተከታተለ ቸልተኛ ነውና ይከፍላል፤ ማያያዣው በደንበኛው ፕሮግራም ላይ ከነበረ ግን ጉዳቱ የደንበኛው ነው።