የፕሮሰሰርን ቮልቴጅ ስለ መቀነስና ጽናቱን ስለ መመርመር

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከግድግዳው ሶኬት ስቦ ለፕሮሰሰሩ የሚያደርሰው ኃይል፣ ሒሳብ ቢሠራበትም፣ ደብዳቤ ቢጻፍበትም፣ ፊልም ቢቀናበርበትም፣ በፍጻሜው ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህንንም ሙቀት ለማስወጣት ፋኑ ይጮኻል፣ ክፍሉ ይግላል፣ የመብራቱም ሒሳብ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሌላ ፋን ከመግዛት አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ ፕሮሰሰሩ ይህን ሁሉ ኃይል በእውነት ይሻዋልን የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አይሻውም፤ ፍጥነቱን ሳይነኩ የሚሰጠውን ቮልቴጅ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ባለሙያዎቹ አንደርቮልቲንግ የሚሉት ይህን ነው። መቀነሱ ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተቀነሰ በኋላ ማሽኑ ሳይሳሳት የሚጸና መሆኑን ማረጋገጥ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ አብዝቼ የምናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

የነገሩ ሥር በአንድ አጭር ሕግ ውስጥ ይገኛል። ትራንዚስተሮች በተከፈቱና በተዘጉ ቊጥር የሚበሉት ኃይል ከፍጥነታቸው ጋር በቀጥታ ሲያድግ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው በካሬው ነው። ስለዚህም 1.30 ቮልት ወደ 1.20 ቢወርድ፣ የቮልቴጁ ቅናሽ ከመቶ 8 እጅ እንኳ ሳይሞላ የኃይሉ ቅናሽ ከመቶ 15 እጅ ያህል ይሆናል። ከዚህም በላይ ትራንዚስተሩ ተዘግቶ ሳለ የሚያፈሰው ኃይል ከቮልቴጁና ከሙቀቱ ጋር አብሮ ስለሚያንስ፣ አንዱ ጥቅም ሌላውን ይወልዳል።

ቮልቴጅን መቀነስ ለፋብሪካዎቹም አዲስ ነገር አይደለም። ከቀደሙት ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በ5 ቮልት ነበር፤ በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየምም ከዚሁ አልተለየም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። የአይቢኤም ሊቅ ሮበርት ዴናርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ትራንዚስተሩ በጠበበ መጠን ቮልቴጁም አብሮ ቢያንስ በአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት እንደማይጨምር ገልጾ ነበርና፣ ፋብሪካዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ ጎዳና ሄዱ። በ2005 ገደማ ግን፣ ትራንዚስተሩ የሚከፈትበት የቮልቴጅ ወሰን ይበልጥ ቢወርድ የተዘጋው ትራንዚስተር ማፍሰሱን ስለማይተው፣ ቅነሳው በ1 ቮልት አካባቢ ቆመ።

ታዲያ ፋብሪካው ራሱ ትርፍ ቮልቴጅ የሚሰጠው ስለ ምን ነው? ከአንድ የሲሊኮን ሰሌዳ የተቈረጡ ቺፖች እንኳ በጠባይ አይተካከሉም። ዛሬ እያንዳንዱ ቺፕ ተለክቶ የራሱ የቮልቴጅ መስመር ቢጻፍለትም፣ ልኬቱ አጭር ነው፤ ቺፑ ግን ብዙ ዓመት ያረጃል፣ በሞቃት ክፍል ይቀመጣል፣ በደካማ ማዘርቦርድ ላይ ይሰካል፣ ሥራም በድንገት ሲበዛበት ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወድቃል። ብዙ መንገደኞችን የሚሰድ ሰው የሁሉንም ስንቅ በደካማው ልክ እንደሚቋጥር፣ ፋብሪካውም ለክፉው ቀን የሚበቃውን ለሁሉም ይሰጣል። እኛ የምንቀንሰው ከዚህ ትርፍ ነው።

ትርፉ ሲበዛም ደኅንነት አይሆንም። በ2024 የኢንቴል የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ያለ ልክ በሚጠይቁት ከፍተኛ ቮልቴጅ ምክንያት ውስጣቸው እየተጎዳ ማሽኑ ይቋረጥ ስለ ነበር፣ ኩባንያው በነሐሴ ወር የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መመሪያ) እርማት አወጣ፣ የዋስትናውንም ዘመን በሁለት ዓመት አራዘመ። እርማቱ ጉዳትን ይከላከል እንደሆነ እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን አይፈውስም።

ለምሳሌ እንዲሆነን የኤኤምዲን ራይዘን 7 5800ኤክስ እንውሰድ። በኅዳር 2020 ለገበያ የቀረበው ይህ ፕሮሰሰር ስምንት ኮሮቹ (ሒሳቡን የሚሠሩት ክፍሎቹ) በአንዲት ጠባብ ቺፕ ላይ የተሰበሰቡ፣ እስከ 142 ዋት የሚስብ፣ የሙቀቱም ጣሪያ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ነው። ለዚህ ትውልድ በባዮስ ውስጥ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባል ማስተካከያ አለ፤ በእርሱም የእያንዳንዱን ኮር የቮልቴጅ መስመር ለየብቻ እስከ 30 እርከን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱም እርከን ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ያህል ነው። ብዙዎች ሁሉንም ኮር በአንድ ጊዜ በ30 እርከን አውርደው ማሽኑ ሲነሣ ባዩ ጊዜ ሥራው ተፈጸመ ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ፋብሪካው ብርቱ ብሎ የመረጣቸው ኮሮች ለከፍተኛው ፍጥነት የታጩ ስለሆኑ ትርፋቸው ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ሌላው 25 እርከን ሲችል ብርቱው በ10 ሊሰናከል ይችላል። ደግሞም ፕሮሰሰሩ ያተረፈውን ኃይል ለፍጥነት ስለሚያውለው፣ ቮልቴጁ ወርዶ ሙቀቱ ግን በነበረበት ሊቀር ይችላል። ፍጥነት ሳይሆን ቅዝቃዜንና ጸጥታን የሚሻ ሰው የዋቱን ጣሪያም አብሮ ዝቅ ያድርግ፤ 142 የነበረው ወደ 88 ዋት ቢወርድ በዕለት ሥራ የሚታወቀው የፍጥነት ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ጽናቱ እንምጣ። በፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ምልክት ሁሉ የሰዓቱ ምት ሳይቀድመው ከሚሄድበት መድረስ አለበት፤ ቮልቴጅ ሲያንስ ትራንዚስተሩ ይዘገያልና፣ ከሁሉ ረጅም በሆነው መንገድ የሚሄደው ምልክት ከሌሎቹ አስቀድሞ በምቱ ይቀደማል። ያን ጊዜ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። ሐሰቱ በፕሮግራሙ ዋና ክፍል ላይ ከወደቀ ማሽኑ ይቆማል ወይም እንደገና ይነሣል፤ ይህ ስለሚታይ ይሻላል። በአንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ ቊጥር ወይም በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ከወደቀ ግን ማንም ሳያውቅ ተጽፎ ይቀመጣል። እኔ አጥብቄ የምፈራው ይህን ኅቡእ ስሕተት ነው። በታኅሣሥ 2019 የበርሚንግሃም፣ የግራትስና የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት ብለው በገለጡት ሥራ፣ የኢንቴልን ፕሮሰሰር ቮልቴጅ በዘዴ በማውረድ ማሽኑ ሳይቆም የማባዛት ሒሳብን እንዲሳሳት አድርገው፣ ተቈልፎ ከሚጠበቀው የውስጥ ክፍሉ ምስጢር አውጥተዋል። ከዚያ በኋላ ኢንቴል ቮልቴጁን በሶፍትዌር የማውረጃውን በር መዝጊያ አወጣ፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ቮልቴጁ አልቀነስ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ምርመራው መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ሒሳብ መሆን አለበት። ጆርጅ ወልትማን በ1996 ታላላቅ ብቸኛ ቊጥሮችን ለመፈለግ ከጀመረው ሥራ ጋር የተያያዘው ፕራይም95 ለዚህ የተወደደው፣ ያገኘውን ከትክክለኛው መልስ ጋር እያስተያየ ጥቂት ልዩነት እንኳ ሲያገኝ ስለሚናገር ነው። ነገር ግን ሁሉም ኮሮች በአንድነት ሲደክሙ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ራሱ ዝቅ ያደርጋል፤ እውነተኛው ፈተና የሚመጣው አንድ ኮር ብቻውን ወደ 4.7 ጊጋኸርዝና ከዚያም በላይ ሲወጣ፣ ወይም ከዕረፍት ወደ ሥራ በድንገት ሲዞር ነው። ሌሊቱን ሙሉ በከባድ ጭነት የጸና ማሽን ጧት ባዶ ገጽ ላይ ሳለ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህም ኮሮቹን አንድ በአንድ እያፈራረቀ የሚፈትን ኮርሳይክለር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለእያንዳንዱም ኮር ሰዓታት መስጠት ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የዊንዶውስ መዝገብ ነው። በዚያ «ዊያ ሎገር» በሚል ስም የተጻፈ ስሕተት ቢገኝ፣ ማሽኑ ባይቆምም እንኳ፣ ጽናቱ እንደ ጎደለ ምስክር ነው፤ መዝገቡም ብዙ ጊዜ የትኛው ኮር እንደ ሆነ ያመለክታል፤ ያ ኮር ብቻ በጥቂት እርከን ከፍ ይደረግለታል። የፍጥነት ፈተና ውጤትም ቮልቴጁ ሳይቀነስ ከነበረው ጋር ይነጻጸር፤ ፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ ሲያጥረው ምቱን በስውር ያረዝማልና፣ መለኪያው 4.7 እያለ ሥራው ዝግ ሊል ይችላል። ራምም ከፋብሪካው ልክ በላይ እየተፋጠነ ከሆነ፣ የእርሱ ስሕተት የፕሮሰሰሩ መስሎ እንዳይታይ አስቀድሞ ወደ መደበኛው ይመለስ። ፈተናው ካለፈ በኋላም ሁለት ወይም ሦስት እርከን መመለስ ጥሩ ነው፤ አቧራው፣ በጋውና እርጅናው ይመጣሉና።

ቮልቴጅን ማውረድ ራሱ ፕሮሰሰሩን አያቃጥልም፤ ማሽኑ ጨርሶ አልነሣም ቢል ማስተካከያው የሚቀመጥበትን የማዘርቦርዱን ሲሞስ ማጽዳት ወደ ፋብሪካው ልክ ይመልሰዋል። የክሊኒክ መዝገብ ወይም የሰው ገንዘብ ሒሳብ በሚያዝበት ኮምፒውተር ላይ ግን ይህን ባይሞክሩት እመክራለሁ። የተሞከረበት ማሽን ባለቤት የእያንዳንዱን ኮር ቊጥር በወረቀት ጽፎ ያኑር፤ ባዮስ ሲታደስ ማስተካከያው ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ አዲሱም ባዮስ ቮልቴጁን በሌላ ሥርዓት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ቊጥሮቹ ከተመለሱ በኋላ ምርመራው ከመጀመሪያው ኮር እንደገና መጀመር አለበት።