የማይራገፍ ጭነት

ሐጂ ወደ ጋራዡ ግቢ ሲገቡ እንደ ልማዳቸው የቆሙትን መኪኖች ጎማ በጫማቸው ጫፍ እየነኩ ነው ያለፉት። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ጡረታ ቢወጣም እግሩ ጡረታ አይወጣም። ከዚያ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከው ፎቶ ነው። የቶዮታ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ነጭ ሳጥን የመሰለ ቤት ተጭኗል፤ ውስጡ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ጣሪያው በሶላር ተሸፍኗል።

«እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» አሉ። «ብሩን ልጄ ይልካል። እኔና እናቱ ልንኖርበት ነው።»

«ለሽርሽር ነው ሐጂ?»

«ልንኖርበት ነው አልኩህ እኮ።»

የደሴውን ቤት ሊያከራዩት ነው። አንዷ ልጃቸው ሎጊያ ተድራለች፣ አንዱ መርሳ ያስተምራል፣ ታናሿ ከሚሴ ሱቅ አላት። ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ እየዞሩ፣ የማንንም መኝታ ሳያጣብቡ ሊኖሩ አስበዋል። በመሐል ሐይቅ ዳር ሳምንት ቢያድሩ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ቢውሉ የሚጠይቃቸው የለም። ቆጣሪም ቧንቧም በሌለበት ማደሩ ለእሳቸው ብርቅ አይደለም።

ብርቅ አለመሆኑን እኔም አውቃለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ባትላሜራና ብየዳ ላይ ስኖር ያየሁት ሾፌር ሁሉ ከቤቱ ይልቅ ጋቢናው ውስጥ የሚያድርበት ሌሊት ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ ስለ ትሬንታ ኳትሮ፣ ጣሊያን ይዞት ስለመጣው ፊያት 634 ሲያወሩ፣ እንደ በቅሎ ጠባዩን ያነሱ ነበር። ቀጥሎ ኤንትሬ መጣ፤ ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደኛ የሚወጣው ፊያት 682። አሰብ በ1990 ዓ.ም. ከተዘጋብን ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ እንጂ አኗኗሩ አልተለወጠም። ሾፌሩ ከመቀመጫው ጀርባ ባለችው አልጋ ይተኛል፣ ረዳቱ ከተሳቢው ሥር ሸራ ወጥሮ ይንጠለጠላል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ሾፌር ያልሆነውም ልጆቹን ጭነት መኪና ላይ ጭኖ ወደ ደቡብ ወጥቷል። የመኪና ላይ ኑሮ እዚህ ፎቶ ታይቶ የሚጎመዥለት ነገር አይደለም።

ብቻ ሐጂ ዕድሜያቸውን የነዷቸው መኪኖች በሙሉ ይራገፉ ነበር። ጅቡቲ የተጫነው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይወርዳል፤ መኪናው ባዶውን ሲመለስ ባሌስትራው ቀና ይላል፣ ጎማው ይቀዘቅዛል፣ ፍሬኑ ያርፋል። ቤት ግን አይራገፍም። አልጋው፣ ውኃው፣ ባትሪው፣ ሳህኑ ሌት ተቀን እላዩ ላይ ነው፤ ቆሞም ይሸከማል። ለዚህ ነው የመኪና ቤት ልሥራ ብሎ ለሚመጣ ሰው ስለ አልጋውና ስለ መስኮቱ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ኪሎ የምጠይቀው። አምራቹ ያስቀመጠው የመጫን አቅም ለእንዲህ ያለ መኪና ጣሪያ ነው። እኔ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የምቆጥረው፤ የቀረውን ለባሌስትራው ዕረፍት እተውለታለሁ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት በአሮጌ ኤንፒአር አይሱዙ ላይ ተንቀሳቃሽ ሻይ ቤት አሠራኝ። ጠንካራ ይሁን ብዬ ቱቦላሬውን ወፍራም፣ ላሜራውን 2 ሚሊ አደረግኩት። አንድ ካሬ ሜትር የ2 ሚሊ ላሜራ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው ተደምሮ 40 ካሬ ሜትር ነበር። እንግዲህ ልብሱ ብቻ ከ600 ኪሎ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ አጥንቱ ገና አልተቆጠረም። መደርደሪያውም ብረት፣ ባንኮኒውም ብረት። ያኔ አልደመርኩም። አምሮ ስለወጣ ሁላችንም ተደስተን ደሴ ወጣን፤ ስንመለስ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛው ጥምዝ ጋ ስንደርስ ሽታው መጣ። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም፤ ጨርቅና ጎማ አብረው የተጠበሱ ይመስላል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እንደ ስፖንጅ ገባለት። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አስገድዶ ጎኑን ወደ ተራራው አስጠጋው፤ በተሠራበት ሳምንት የቀኝ ግድግዳው በሙሉ ተፋቀ። ማንም አልተጎዳም፣ ምስጋና ይግባው። ድንጋይ አስደግፈን ከጎማው የሚወጣውን ጭስ ቆመን አየን።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። 7 ቶን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በቤታችን ቋንቋ፣ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሳይጠፋ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ማለት ነው። ያ ሁሉ ትኩሳት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። በከባድ ማርሽ ለወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይቀበልለታል፤ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ናፍታ ልቆጥብ ላለ ግን በሙሉ አራቱ ታምቡሮች ውስጥ ይገባል።

ሐጂ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አብሽር፣ ቁልቁለት ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» እውነታቸውን ነው፤ ለልጃቸው ግን መንገር ነበረብኝና በስልክ ተገናኘን። እሱ በላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ሐሳቡን አጽንቷል። መኪናውን አልነቅፍበትም። 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ደሴ ውስጥ ማንም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ሞተር ነው። ችግሩ የሚጭነው አንድ ቶን ገደማ መሆኑ ላይ ነው። ሁለት ሦስተኛውን ቁጠር አልኩት፤ 650 ኪሎ። 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ነው። እናትና አባትህ 140። ባትሪ፣ ጋዝ፣ ስኮርት ጎማ፣ ክሪክ፣ ፍራሽ ብለህ ሌላ 150 ደምር። ለቤቱ ራሱ 160 ኪሎ ቀረህ፤ በሱ ድንኳን ይሠራል እንጂ ቤት አይሠራም። ልጁ ዝም አለ፤ ቀጥሎ «አራቱም ጎማ እንዲጎትት ፈልጌ ነው» አለኝ። ለየትኛው መንገድ? ሎጊያ አስፋልት ነው፣ መርሳ አስፋልት ነው፣ ከሚሴም እንደዚያው። ጭቃ ቢያጋጥማቸው ሐጂ እስኪደርቅ ቡና አፍልተው የሚጠብቁ ሰው ናቸው።

እኔ የመረጥኩላቸው ያንኑ አይሱዙ ኤንፒአር ነው፣ ያ ያጠፋሁበትን። እንደ ሞዴሉ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 7 ቶን ገደማ ይፈቀድለታል። 7.50-16 ጎማው ባቲም ሚሌም ጎሚስታ ዘንድ አይጠፋም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደንበኞቼ ስለ አዲስ መኪና አብዝተው ያወሩኛል። ለእንዲህ ያለ ኑሮ የሚበጀው ግን አገሩን ከሞላው ዓይነት መምረጥ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት በመተማ ገብተው በላሊበላ ወደኛ የሚወርዱ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ መኪናቸውን ለማየት ሰፈሩ በሙሉ ይወጣ ነበር። ከነዚያ አንዱ፣ ጎማው እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ ከጭስ ማውጫው ላይ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ሞታበት ግቢያችን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም አለ። ባልና ሚስቱ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሲሄዱ ልጆቻችን አለቀሱ።

ሥራውን እንደጀመርን የሐጂ ባለቤት መጡ። ዙሪያውን አዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤

«ምጣዱስ?»

ማንም የፈረንጅ መጽሔት የማያነሳው ጥያቄ ነው፤ እኛ ጋ ግን ዋናው እሱ ነው። ጣሪያው ላይ 400 ዋት ሶላር ገጥመናል። ፀሐይ ጥሩ በሆነበት ቀን፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ፣ ቢበዛ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ምጣድ በሰዓት 3.5 ገደማ ይበላል። የቀኑ ፀሐይ ተጠራቅሞ ለግማሽ ሰዓት ጋገራ እንኳ ብዙም አይተርፈውም፤ አምፖሉም ስልኩም ማቀዝቀዣውም ጦም ያድራሉ።

«እትዬ፣ ከልጆችዎ ቤት አስጋግረው ቢይዙስ?»

«እንጀራ እየለመንኩ ልዙር?»

ተስማማንና ከኋላ በሩ በታች የሸክላ ምጣድ የምትገባበት ጠፍጣፋ ሳጥን ሠራሁላቸው፤ እንዳይሰበር በፎም ለበጥኩት። ሦስት ጉልቻ የትም አይጠፋም። ለወጡ ጋዝ አለ። ደሴ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር ሲያስቸግራቸው መኖሩን ያውቁታል፤ ሎጊያ ሲወርዱ ቶሎ እንደሚበስልላቸው ስነግራቸው ደስ አላቸው።

ያልተስማማንበት የአየር ቀዳዳው ነው። አንዱን ከወለሉ አጠገብ፣ አንዱን ከጣሪያው ሥር፣ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቀዳዳዎች ቆረጥኩ፤ በወንፊት እንጂ በክዳን አልደፈንኳቸውም። «ብርድ ይገባል» አሉ። ይግባ። የደሴ ብርድ ማንደጃ ያስገባል፤ በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው እያስተኛ ይገድላል። ክዳን ብሠራ እንደሚዘጉት አውቃለሁ። እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ። ማንደጃው ለማንኛውም ከደጅ ይሁን ብለን ሐጂን ምስክር አደረግን።

ባትሪው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። ሊቲየም ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ መሞላት አይወድም፤ ሎጊያ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ያረጃል። ስለዚህ ውጭ ሻንሲው ላይ ሳይሆን አልጋው ሥር፣ ሰው የሚተኛበት አየር ውስጥ አስቀመጥኩት። ውኃውን በተቃራኒው ዝቅ አድርጌ ከሁለቱ አክስሎች መሐል አሠርኩት፤ ከፍ ያለ ውኃ ሀረጎ ላይ በእያንዳንዱ ጥምዝ ይገፋል።

ግድግዳውን በቀጭን ቱቦላሬ ሠርቼ መሐሉን ፎም፣ ላዩን 1 ሚሊ አሉሚኒየም አለበስኩት፤ አሉሚኒየሙ በካሬ 3 ኪሎ አይሞላም። ሳጥኑን ሻንሲው ላይ አልበየድኩትም። ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ሳጥኑ ግን አይጠማዘዝም፤ ሁለቱን ካጣበቅካቸው አንዱ ይሰነጠቃል። ፊቱን በቡሎን አጠበቅኩት፤ ኋላውን ጎማና ስፕሪንግ አስገብቼ ትንሽ እንዲነሳ ተውኩት። ሐጂ ከኋላ ቆመው በእጃቸው ሲገፉት ጣት ያህል ተነሳ። «ላላ እኮ» አሉ። ሥር ገብተው ስፕሪንጉን አዩትና ዝም አሉ፤ ከእሳቸው ዝምታ በላይ ምስጋና አልጠብቅም። አካሉ ስለተቀየረ ሊብሬው ላይ መስፈር ነበረበት፤ ለእሱ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት የዞሩት እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻው ቀን ውኃውን ሞልተን፣ ናፍታውን ሞልተን፣ ሁለቱን ጋቢና አስቀምጠን የመኪና ሚዛን ላይ አወጣነው። ከ5 ቶን እንዳያልፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቁጥሩ 4,720 ላይ ቆመ። ወረቀቱን ተቀብዬ ለሐጂ በመስኮት ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት፣ አጥፈው ከሊብሬው ጋር አስቀመጡት። ባለቤታቸው ከወዲያ በኩል አንገታቸውን አወጡ።

«ሚዛኑ ጽፎ ጨረሰ?» አሉኝ። «ሙቀጫዬ ገና ደሴ ነው ያለው።»