ሕመምተኛው ሳይጎድል ደመወዙ ሲጎድል
አዲስ ነርሶች በሠራተኛ ቅነሳ ጊዜ



በየማኅበረ ምዕመናኑ መካከል አንዲት አዲስ ነርስ አትጠፋም። ወላጆቿ በሬ ሽጠው፣ ወይም ታላቅ ወንድሟ ከደመወዙ ቀንሶ አስተምሯታል። ተመርቃ፣ የብቃት ፈተናውን አልፋ፣ የሙያ ፈቃዷን በእጇ ይዛለች። በምረቃዋ ቀን እልል ተብሎላታል። ዛሬ ግን ወይ ሥራ አላገኘችም፤ ወይም የያዘችው ሥራ ከመጪው ሩብ ዓመት በኋላ ይኖር አይኖር አታውቅም። እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ «ሥራ እንዴት ነው?» ብለን ስንጠይቃት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች። ከዚህ መልስ በስተጀርባ ያለውን ነገር ብናውቅ፣ ለእርሷም ሆነ እርሷ ለምታስታምማቸው ሕመምተኞች የምናደርገው ነገር አለ።

ነገሩ ከየት መጣ?

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠው የልማት ርዳታ ለ90 ቀን እንዲታገድ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ርዳታ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አስታወቀ፤ ቁጥራቸው 5,000 ያህል እንደሚሆን በጊዜው በዜና ተነግሯል። በኤችአይቪና በወባ ሥራ ላይ የተሰማሩ ብዙዎች በዚህ ውስጥ ነበሩ። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ራሱ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የርዳታ ሥራውን አቁሞ የቀረው ወደ አገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በብዙ ዓመት የተገነባው በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሰ።

ብዙ ሰው የሚገርመው አንድ ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2023 በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደነበሩና 5.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደሚጎድሉ ገልጿል። አፍሪካም ጉድለቱ ከበረታባቸው ክፍሎች አንዷ ናት። ታዲያ ነርስ በጠፋበት አገር ነርስ እንዴት ሥራ ታጣለች?

መልሱ አጭር ነው። ነርስን የሚፈልጋት ሕመምተኛው ነው፤ የሚቀጥራት ግን በጀት ነው። በጤና ጣቢያ በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ብዛት የሥራ መደብ አይፈጥርም። የነርስ ደመወዝ የሚመጣው በአብዛኛው ከሦስት ምንጭ ነው፤ ከመንግሥት በጀት፣ ሕመምተኛው ከሚከፍለው ገንዘብና ከለጋሾች ነው። የመጀመሪያው በየዓመቱ ይመደባል እንጂ እንደ ልብ አይጨመርም። ሁለተኛው ኑሮ በተወደደ ጊዜ ይቀንሳል፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው ሕመሙን ታቅፎ እቤቱ ይቀመጣልና። ሦስተኛው ከመጀመሪያውም የማብቂያ ቀን የተጻፈበት ነው። አዲስ ተመራቂ ብዙ ጊዜ በር የሚከፈትላት በዚህ በሦስተኛው በኩል ስለሆነ፣ ገንዘቡ ሲደርቅ ቀድሞ የሚነካት እርሷን ነው።

ስለሆነም ከሥራ መቀነስ የስንፍና ምልክት አይደለም። ይህን ወላጆችም ጎረቤቶችም ማወቅ አለባቸው። «ምን አድርጋ ነው ያባረሯት?» የሚለው ጥያቄ በአንዲት ወጣት ልብ ላይ ከቅነሳው ደብዳቤ የበለጠ ይከብዳል።

ሥራቸው ላይ የቀሩትስ?

ያልተቀነሰችው ነርስ ተረፈች እንላለን። ነገር ግን የሄዱት ሠራተኞች ሕመምተኞቻቸውን ይዘው አልሄዱም። ለምሳሌ አንዲት ነርስ በ12 ሰዓት የሌሊት ተራ 30 ሕመምተኞችን ብቻዋን ብትይዝ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 24 ደቂቃ ነው። በዚህ ውስጥ ሙቀትና የደም ግፊት መለካት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ቁስል ማየት፣ ሁሉንም በካርድ ላይ መጻፍ አለ። አንዱ በድንገት ቢጠናበት የሌሎቹ ደቂቃ ይወሰዳል።

ይህ የድካም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ግዛት በ168 ሆስፒታሎች ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 ከመቶ ከፍ ይላል። እንግዲህ የሠራተኛ ቅነሳ የመጨረሻ ዋጋ የሚከፈለው በአልጋ ላይ ባለው ሰው ነው።

አዲሲቱ ነርስ ደግሞ ሌላም የሚጎድልባት ነገር አለ። ፓትሪሺያ ቤነር የተባሉ የነርስነት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃዎችን እንደምታልፍ አስረድተዋል። አዲስ ተመራቂ ገና በሁለተኛው ላይ ናት፤ ሦስተኛው ላይ ለመድረስ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ያስፈልጋል። ይህ ዕውቀት የሚገኘው ከልምድ ባለቤት አጠገብ በመቆም ነው። ነባሯ ነርስ ተቀንሳ ወይም ተሰላችታ ስትሄድ፣ አዲሲቱ ባልደረባዋን ብቻ ሳይሆን መምህሯንም ታጣለች።

እንዲህ ባለ ጊዜ ለአዲስ ነርሶች የሚበጁ ጥቂት ልማዶች አሉ፤

1. ተራ ስትረከቡ መጀመሪያ ሁሉንም አልጋ ዞራችሁ እዩ። አተነፋፈሱ የከበደውን፣ ደም የሚፈስሰውን፣ ራሱን የሳተውን ቀድማችሁ ለዩ። ቅደም ተከተል የሚወጣው በጠሪው ድምፅ ከፍታ መሆን የለበትም፤ በጣም የታመመው ብዙ ጊዜ ዝም ያለው ነው።

2. ቢቸኩሉም የማይዘለሉ ነገሮች አሉ። ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። እነዚህን አምስቱን መዝለል የሚተርፈው ጊዜ አንድ ደቂቃ፣ የሚያመጣው ጥፋት ግን የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።

3. ሐኪም ስትጠሩ በአራት ነገር ተናገሩ፤ አሁን የሆነው ምንድን ነው፣ ሕመምተኛው በምን ገባ፣ እኔ ምን አየሁ፣ ምን እንዲደረግ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለ ንግግር በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ይደመጣል።

4. የማታውቁትን ሥራ ብቻችሁን አትሥሩ። «አላውቀውም፣ አሳዩኝ» ማለት ሥራ ያሳጣል ብሎ መፍራት በቅነሳ ጊዜ ይበረታል፤ ሆኖም የሚያሳጣው ሳይጠየቅ የተሠራው ነው።

5. ሠራተኛ ሲያንስ በጽሑፍ ለኃላፊ አሳውቁ፤ ቀኑን፣ የሕመምተኛውን ቁጥርና የሠራተኛውን ቁጥር ጻፉ። ይህን ማድረግ አቤቱታ ማብዛት ሳይሆን ለሕመምተኛው መቆም ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ

በግል ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት የተቀጠሩ ሠራተኞች በአብዛኛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራሉ። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው። በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ላይ አዋጁ እንዳይፈጸም በደንብ ሊወሰን እንደሚችል አዋጁ ራሱ ስለሚያመለክት፣ የእነዚህ ሠራተኞች ጉዳያቸውን በአካባቢያቸው ላለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ቢጠይቁ ይበጃል። ዋና ዋናው ነገር እንዲህ ነው፤

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት ግን የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። በቅነሳ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ሙያና የሥራ ውጤት ነው፤ በዚህ ሲተካከሉ ነው አጭር አገልግሎት ያለው ወደ ፊት የሚመጣው። ስለዚህ «አዲስ ስለሆንሽ» ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም።

በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዓመት በታች ከሆነ እንደ ሠራበት ጊዜ ይሰላል፤ በቅነሳ ምክንያት ሲሆን የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያልቅ ግን በራሱ ይቋረጣል። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ከደመወዙ በፊት የማብቂያውን ቀን አንብቡ።

ስትወጡ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ፤ የሥራው ዓይነት፣ የሠራችሁበት ጊዜና ደመወዙ ይጻፍበት። በግል ድርጅት ከደመወዛችሁ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ለጡረታ የሚገባ ስለሆነ፣ በእርግጥ መግባቱን አረጋግጡ።

በሁለት ሥራ መካከል

እጅ ካልሠራ ይረሳል። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ትምህርት ስለሚጠየቅ፣ ያለ ሥራ ያለውን ጊዜ ለዚህ ማዋል ጥሩ ነው። በነፃ ማገልገልም ልምድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጊዜው ተወስኖ፣ ኃላፊ ተመድቦ፣ በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ገንዘብ አንድ ምክር እንጨምር። እቁብ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ደመወዙ እርግጥ ላልሆነ ሰው ዕጣው ቀድሞ ወጥቶ ሥራው ቢቆም፣ የሚቀረው ዕዳ ነው። ውሏ አጭር የሆነች ነርስ ከውሏ ጊዜ የማይረዝም አነስተኛ እቁብ ብትገባ ይሻላታል። ለታናናሾቿ የምትልከውንም ገንዘብ ከወላጆቿ ጋር ቀድማ ብትነጋገርበት፣ ሥራው በቆመ ቀን ድንጋጤው ይቀንሳል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በዚህ ወቅት ደላላ ይበዛል። «ዐረብ አገር በነርስነት አስቀጥርሻለሁ» ብሎ የቤት ሠራተኛ ቪዛ የሚያመጣ አለ። ሕጋዊ ጉዞ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በመንግሥት በጸደቀ ውል ነው። በሕጉ መሠረት የመግቢያ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን የሚከፍለው አሠሪው ስለሆነ፣ ለእነዚህ ገንዘብ አምጪ የሚል ሰው ሲመጣ መጠርጠር ይገባል።

ከማኅበረ ምዕመናንና ከፕሮጀክት ምን ይጠበቃል?

ለፕሮጀክት ኃላፊዎች የምንለው ይህ ነው። ገንዘቡ መቼ እንደሚያልቅ ለሠራተኛው ቀድማችሁ ንገሩ። መጥፎ ዜና ከስድስት ወር በፊት ሲነገር ዝግጅት ይሆናል፤ በመጨረሻው ሳምንት ሲነገር መከራ ይሆናል። ደግሞም «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» በማለት የሦስት ሰው ሸክም በአንዲት ወጣት ላይ አንጫን፤ ደመወዟንም ወራት እያሳለፍን አናቆይ። የሚከፍል ገንዘብ ከሌለ አገልግሎቱን ማጥበብ ሐቀኝነት ነው። ፕሮጀክት ስታቅዱም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የነርሷ ደመወዝ ወደ ማን በጀት እንደሚተላለፍ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገሩ።

ለምዕመናን ደግሞ፤ ከጸሎት ጋር በእጅ የሚደረግ ነገር አለ። በየአጥቢያው ጡረታ የወጡ ነርሶች አሉ፤ በወር አንድ ጊዜ ከአዲሶቹ ጋር ተቀምጠው ልምዳቸውን ቢያካፍሉ ዋጋው ብዙ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ለምትሄድ ልጅ ለጥቂት ሳምንት ማረፊያ የሚሰጥ ቤተ ሰብ አይጠፋም። የምስክር ወረቀት ማባዣና የመጓጓዣ ገንዘብ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ተካፍለን ብንሸከመው አይከብድም።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ብለን ማጽናናት እንወድዳለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድግሱን የሚያቀርብ እጅ ያስፈልገዋል። በሚመጣው እሑድ ያችን ነርስ ስታገኙ «ሥራ እንዴት ነው?» ካላችሁ በኋላ ጥቂት ቆማችሁ መልሷን አዳምጡ። ውልሽ እስከ መቼ ነው፣ ማታ ስንት ሕመምተኛ ትይዣለሽ፣ ምን እናግዝሽ ብላችሁ ጠይቋት። ለእርሷ የምታደርጉት፣ ነገ በእርሷ እጅ ለምትታከሙት ለእናንተም ነው።