ውስጥ እግር ለምን ያማል?

የገበሬ ሥራ ሁሉ በእግር ነው። ማሳ የሚታረሰው፣ ገበያ የሚወጣው፣ ውሃ የሚቀዳው በእግር ነው። በሬ ሲያነክስ ሰኮናው ወዲያው ይታያል። ሰው ሲያነክስ ግን «ይለቀኛል» እያለ ወራት ያሳልፋል። በዚህ መሐል የእርሻ ወቅት ያልፋል።

ዛሬ ስለ አንድ የታወቀ የእግር ሕመም እንነጋገር። ሰውዬው ጧት ከመኝታው ተነሥቶ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጥ ተረከዙና ውስጥ እግሩ እንደ እሾህ ይወጋዋል። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይሻለዋል። ሲለፋ ውሎ ሲመሽ፣ ወይም ቁጭ ብሎ ቆይቶ ሲነሣ ሕመሙ ይመለሳል። በየመንደሩ «መተት ረግጦ ነው» የሚል አለ። «ብርድ ገብቶበት ነው» የሚልም አይጠፋም። እውነተኛውን ምክንያት ለማወቅ በመጀመሪያ እግር እንዴት እንደተሠራ እንመልከት።

እግርና ደጋን

እርጥብ እግራችሁን በደረቅ መሬት ላይ አሳርፉና አንሡ። ተረከዙና የጣቶቹ ሥር ምልክት ይተዋሉ። መካከሉ በውስጥ በኩል ባዶ ነው። ይህ ጎድጎድ ያለው ስፍራ ውስጥ እግር ይባላል።

የእግር አሠራር ጥጥ የምንነድፍበትን ደጋን ይመስላል። በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። እነዚህ አጥንቶች ተያይዘው እንደ ደጋኑ እንጨት ይጎብጣሉ። ከሥራቸው ደግሞ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተወጠረ ጠንካራ ጅማት አለ። እሱ የደጋኑ ገመድ ነው። ስንረግጥ ደጋኑ ይለጠጣል፤ ገመዱም ይወጠራል። እግራችንን ስናነሣ ይረግባል።

ገመድ ከልክ በላይ ሲወጠር ምን ይሆናል? ይሳሳል፤ ይላላጣል። ጅማቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከተረከዝ ጋር በሚያያዝበት በኩል ነው። ሌሊት ስንተኛ ይሰበሰባል፤ ጧት ስንቆም በድንገት ይወጠራል። የመጀመሪያዋ እርምጃ ከሁሉ የምታመው ለዚህ ነው።

ጅማቱን የሚጎዳው ምንድን ነው?

1. ከባድ ሸክም። እንስራ ወይም ማገዶ ተሸክሞ ዳገት መውጣትና ቁልቁለት መውረድ። ይህ በተለይ ሴቶችን ይጎዳል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ክብደት ስለሚጨምር ሕመሙ ይብሳል።
2. ከልማድ ውጭ ብዙ መሄድ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል።
3. በድንጋያማና በደረቅ መሬት ላይ በባዶ እግር ወይም ሶሉ ባለቀ ጫማ መሄድ። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ ከእሾህና ከጠጠር ያድናል። ነገር ግን ደረቅ ስለሆነ ተረከዝን አያሳርፍም።
4. የባት ጅማት መጠንከር። ባት ሲጠነክር ተረከዝን ወደ ላይ ይስባል፤ የውስጥ እግሩም ጅማት ይወጠራል።
5. የእግር አፈጣጠር። የአንዳንዱ ሰው ውስጥ እግር ጠፍጣፋ፣ የሌላው በጣም ጎድጓዳ ነው። ሁለቱም ቶሎ ሊታመሙ ይችላሉ።

ምን ይሻላል?

ሸክም ቀንሱ። አንዱን ትልቅ ሸክም ሁለት ጊዜ አድርጋችሁ ተሸከሙት። አህያ ካለ በአህያ ጫኑ። ሴቷ ስትታመም ውሃውን ባል ቢቀዳ ነውር የለውም።

ጧት ከመደብ ሳትወርዱ እግራችሁን ዘርጉ። ነጠላ ወይም ሻሽ በጣቶቻችሁ ሥር አግቡና ወደ እናንተ ሳቡ። እስከ 30 ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ድገሙት።

ቀን ደግሞ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። የታመመውን እግር ወደ ኋላ አድርጉ። ጉልበቱ አይጠፍ፤ ተረከዙም ከመሬት አይነሣ። ባታችሁ እስኪሳብ ወደ ፊት አዘንብሉና እስከ 30 ቁጠሩ። ይህንንም ሦስት ጊዜ አድርጉ።

ማታ ቁጭ ብላችሁ ልሙጥ ድቡልቡል እንጨት በውስጥ እግራችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንከባልሉ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ የነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርጉበት።

በጫማችሁ ውስጥ ተረከዝ በሚያርፍበት ላይ ለስላሳ ቆዳ ወይም የታጠፈ ጨርቅ አንጥፉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አያድንም። በየቀኑ ከተሠራ ግን ብዙው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻለዋል። በጋለ ብረት መተኮስና በምላጭ መብጣት ጅማቱን አያድነውም፤ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ።

ወደ ጤና ኬላ የሚያስኬዱ ምልክቶች

የውስጥ እግር ሕመም ሁሉ የጅማት ሕመም አይደለም። እነዚህን ለዩ፦

ውስጥ እግር የሚያቃጥልና የሚያሳክክ፣ እግርም ማበጥ የሚጀምር ከሆነ ዝሆኔ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ቀይ አፈር ባለባቸው እንደ ጎጃምና ወላይታ ባሉ ቦታዎች ይታያል። ደቃቅ የአፈር ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ እየገባ ነው የሚያመጣው። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆና ቅባት ቀብቶ ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። በጊዜ ከተያዘ እብጠቱም ይቀንሳል።

እግር ከደነዘዘና እሾህ ሲወጋው የማይሰማው ከሆነ ሥጋ ደዌ ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፤ በሽታውም ይድናል።

ሚስማር ወይም እሾህ ከወጋ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ ቶሎ መሄድ ነው። መንጋጋ ቆልፍ በዚህ በኩል ይገባል፤ መከላከያ መርፌም አለው። ከወደቁ በኋላ እግር አልረግጥ ካለም አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል አትቆዩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የሚያነክስ በሬ ለእርሻ አይጠመድም። ለራሳችንም እግር ቢያንስ ይህን ያህል እንዘንለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሕመሙ ጧት በመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ የሚብሰው ለምንድን ነው?
2. በእናንተ ቤት ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ማን ነው? እንዴት ሊቀል ይችላል?
3. ዝሆኔ እንዳይዘን ምን ማድረግ አለብን?