የእጅ ስልክ ያለ ገመድ እንዴት ያነጋግራል?

ዛሬ ስለ እጅ ስልክ እንነጋገራለን። ገመድ የለውም። ታዲያ ድምፃችንን ምን ያደርሰዋል?

ከማስተምራቸው አዋቂዎች መካከል አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ከሩቅ ይደውልላቸዋል። ሳያነሱት ከቀሩ፣ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ልጁ ቁጥሩን አይቶ ይደውልላቸዋል። ግን አጠገባቸው ቆሞ ወሬውን ሁሉ ይሰማል። «ስልኩ የእኔ፣ ምሥጢሩ የሰፈር ሆነ» አሉኝ። ስልክ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው።

ከሞገድ እንጀምር። ኩሬ ውስጥ ጠጠር ጣሉ። ውኃው ክብ እየሠራ ይሰፋል። እየራቀ ሲሄድ ይደክማል። የሬዲዮ ሞገድ በዓይን አይታይም እንጂ እንዲሁ ከአንቴና ተነሥቶ ይሰራጫል። ስንናገር ስልኩ ድምፃችንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ያ ኤሌክትሪክ በአንቴናው በኩል ሞገድ ሆኖ ይወጣል። ተቀባዩ መሣሪያ ሞገዱን ይዞ እንደገና ድምፅ ያደርገዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች በእጅ የሚያዝ መገናኛ ሬዲዮ ነበራቸው። የሠራው በቺካጎ ከተማ የነበረው፣ በኋላ ሞቶሮላ የተባለው ድርጅት ነው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ ነበር። አንቴናውን ሲስቡት ይበራል፤ ሲመልሱት ይጠፋል። በየብስ ላይ የሚደርሰው ግን 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ደግሞም አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መስማት አለበት። ለመናገር ቁልፉን ይጫኑታል፤ ለመስማት ይለቁታል። (ይህ ቁልፍ ለአንዳንድ ስብሰባም ባስፈለገ ነበር!)

ትንሽ ባትሪ ያለው መሣሪያ ታዲያ ሩቅ አገር እንዴት ይደርሳል? ሐሳቡ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1947፣ ቤል በተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ነው። አገሩን በትናንሽ ክፍል መክፈል፣ በየክፍሉም ማማ ማቆም። ስልካችሁ የሚጣራው ቅርብ ላለው ማማ ብቻ ነው። ማማው ይቀበልና ለዋናው ጣቢያ ያቀብላል። በአውቶቡስ እየሄዳችሁ ስታወሩ፣ ሸክም እንደሚቀባበሉ ሰዎች አንዱ ማማ ለሌላው ያስረክባችኋል። አንዱ ክፍል የሚሠራበትን ሞገድ ራቅ ያለው ክፍልም ይጠቀምበታል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል። ማማው ከራቀ ወይም ተራራ ከጋረደው ግን ድምፁ ይቆራረጣል። ሰው ኮረብታ ላይ ወጥቶ የሚደውለው ለዚህ ነው። መጮህ ግን አይጠቅምም፤ ጩኸት ሞገዱን አያበረታውም።

ኤፕሪል 3 ቀን 1973 (እ.ኤ.አ.) ማርቲን ኩፐር የተባለው የሞቶሮላ መሐንዲስ በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ ስልክ ደወለ። ለማን? ለተፎካካሪው፣ የቤል መሐንዲስ ለነበረው ለጆኤል ኤንግል! ስልኩ ከ1 ኪሎ ስኳር ይከብድ ነበር። ለሽያጭ የተፈቀደው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1983 ነው። ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። ባትሪውን 10 ሰዓት ያህል ሞልተው የሚያወሩበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በ1999፣ በእኛ አቆጣጠር በ1991 ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። የትም ይደወል የት፣ ቁጥሩ የሚጻፈው ከ0 እስከ 9 ባሉት አሥር አኃዞች ነው። ከዚያ የሚበልጥ የለም። እኚያ እናት ባለፈው ሳምንት የልጃቸውን ቁጥር ራሳቸው መቱ። 6ን ከ9 አምታተው ሌላ ሰው አነሣ። ይቅርታ ጠይቀው ደግመው ሞከሩ። ልጃቸው ሲያነሣ ከክፍል ወጥተው፣ በሩን ዘግተው አወሩ።

በሉ፣ እናንተም በደብተራችሁ ላይ የአንድ የቅርብ ዘመድ ቁጥር ጻፉ። ከጎኑ ስሙን ጻፉ። 6ን እና 9ን ደግማችሁ እዩ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።