በከፋ፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ስለ ጠመንጃና ስለ አይሮፕላን ልኬት

ከጎጀብ ማዶ ያለው የቡና አገር ከባሕር ማዶ የመጡ ሁለት መሣሪያዎችን በተለያየ ዘመን ተቀብሏል። አንደኛው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የበዛው ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ ሁለተኛው ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣው አይሮፕላን ነው። ሁለቱም ከነቍጥራቸው መጡ፤ ቍጥሩ በምን እንደ ተለካ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ቀርቷል። የአገሩን ታሪክ የሚመረምር ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ሰናድር የሚባለው የእንግሊዝ ስናይደር ነው። የአፈ ሙዙ ስፋት 577 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ የኢንች ሺሕኛ ስለ ሆነ 14.7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ውጅግራ ስሙን «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ አጠራር ያገኘው የእ.ኤ.አ. 1874 ሥሪት ሲሆን ስፋቱ 11 ሚሊሜትር ነው። ከዚህም የሚብሰው ስሕተት አፈ ሙዙ የሰፋው ይበረታል ብሎ መፍረድ ነው። የሰናድር ጥይት 31 ግራም መዝኖ በሴኮንድ 380 ሜትር ያህል ይወጣል፤ የውጅግራ 25 ግራም ቢሆንም 450 ሜትር ያህል ይፈጥናል። ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጎርሰው የእ.ኤ.አ. 1886 ሌበል ደግሞ በ8 ሚሊሜትር አፈ ሙዝ 15 ግራም ጥይት ከ600 ሜትር በላይ አፍጥኖ ይወረውራል። የምቱ ኃይል ክብደቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ፥ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ስለሚሆን፥ አፈ ሙዙ እየጠበበ ኃይሉ በረታ። ስለዚህ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ከፋን የወጉበትን ዘመቻ «ይህን ያህል ሺሕ ጠመንጃ» እያለ ዓይነቱን ሳይለይ የሚቈጥር ጽሑፍ፥ ብዙ የነገረ ይመስላል እንጂ የነገረው ጥቂት ነው።

የአይሮፕላኑም ነገር እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን በዳግላስ ሲ-47 ጀመረ፤ ይኸው ዓይነት በኋላ በደቡብ ምዕራብ ባልተነጠፉ ሜዳዎች ላይ ለብዙ ዓመት ሠርቷል። አብራሪው ክብደትን በፓውንድ፥ ከፍታን በጫማ ይቈጥራል፤ የቡና ነጋዴው በፈረሱላ። ለሲ-47 የሚነገረው የጭነት ልክ 6,000 ፓውንድ፥ ማለት 2,720 ኪሎግራም ነው፤ ፈረሱላው 17 ኪሎ ከሆነ 160 ፈረሱላ ይሆናል። «ከሆነ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀድሞ ፈረሱላ በየገበያውና በየዕቃው ይለያይ ነበር። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ብቻ ቢሆን፥ በ160 ፈረሱላ ላይ ሁለት ሰው የሚያህል ያልታወቀ ጭነት ይጨመራል። ከሽማግሌዎች ቃል የሚቀበል ተማሪ የየትኛው ገበያ ፈረሱላ እንደ ነበረ ካልጠየቀ፥ የጻፈው ቍጥር ለማንም አይጠቅምም።

6,000 ፓውንዱም ቢሆን ለሜዳው ሁሉ አንድ አይደለም። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ በመደበኛው ሠንጠረዥ መሠረት አየሯ 13 በመቶ ያህል የሣሣ ነው፤ ሙቀት ሲጨመር ከዚያም ይብሳል። ነፋስ በሌለበት የፍጥነት መለኪያው የባሕር ዳሩን ቍጥር እያሳየ፥ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት 7 በመቶ ያህል አብልጦ መሮጥ አለበት። ሜዳው ግን አብሮ አይረዝምም፤ ዝናብ ሲያርሰውም መንኰራኵሩን ይይዛል። በወረቀት 160 ፈረሱላ የሚያነሣው አይሮፕላን እንዲህ ባለ ቀን ከዚያ ባነሰ ጭነት መነሣት ነበረበት፤ የቀረው ጆንያም በሜዳው ዳር ሌላ በረራ ይጠብቃል።